በፖሊመር ክሌይ ጥለት ማውጣትን ላስተማሩኝ መምህርት ምስጋና

በፍራንክፈርትና በአካባቢው የምትኖሩ፣ የእጅ ሥራ የምትወዱ ወገኖቼ፦ በፖሊመር ክሌይ ጥለት ማውጣትን ያስተማሩኝን እናት በአደባባይ ለማመስገን፣ እግረ መንገዴንም መማር ለሚሻ ለመጠቆም ይህን ጽፌአለሁ። ስማቸው እንዳይጠቀስ ስለፈለጉ፣ አድራሻቸውን የሚሻ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ አስፈቅጄ አገናኛለሁ።

ሥራውን ለማያውቅ ሰው፣ ፖሊመር ክሌይ ከፒቪሲ የሚዘጋጅና በቤት ኦቨን ተጋግሮ የሚጠነክር ባለቀለም ሊጥ መሰል ነገር ሲሆን፣ ጉትቻ፣ ዶቃና አዝራር ይሠራበታል። ጥለቱ በላዩ ላይ የተቀባ አይደለም። ልዩ ልዩ ቀለም ያላቸው ክሮችና ንጣፎች ጎን ለጎን ተገጣጥመው አንድ ወፍራም ዘንግ ይሆናሉ፤ ምስሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዘልቆ ስለሚሄድም በምላጭ የተቆረጠው እያንዳንዱ ስስ ቁራጭ ያንኑ ምስል ይዞ ይወጣል። የቬኒስ ጎረቤት በሆነችው በሙራኖ ደሴት ብርጭቆ ሠሪዎች ሚሌፊዮሪ የሚሉት ጥበብ ነው።

ፈተናው ወፍራሙን ዘንግ ጥለቱ ሳይዛባ ማቅጠኑ ላይ ነው። መምህርታችን ዘንጉን ወዲያው ጠረጴዛ ላይ ማንከባለልን አይፈቅዱም፤ መጀመሪያ ወገቡን ዙሪያውን በጣት እያስጨመቁ፣ ቀስ በቀስ ወደ ሁለቱ ጫፎች እንድንወጣ ያደርጋሉ። ከዚያም በፊት ቢሆን ነጩንና ጥቁሩን ክሌይ በአውራ ጣታችን እየተጫንን ልስላሴያቸውን እንድናመዛዝን ያዙናል፤ ለስላሳው ከጠንካራው ጋር ሲጨመቅ ቀድሞ ይሸሻልና። ነጩ ከለሰለሰ በሁለት ንጹሕ ወረቀቶች መካከል አኑረው፣ ከባድ መጽሐፍ ጭነውበት ያሳድሩታል። በማግስቱ ወረቀቱ ላይ የቅባት ጥላ ይታያል፤ ክሌዩም ጠንከር ብሎ ይገኛል። የቀጠነውን ዘንግ ደግሞ ፍሪጅ አስገብተው ካቀዘቀዙት በኋላ፣ ክብነቱ እንዳይጠፋ በየቁርጡ ሩብ ዙር እያዞሩ ይቆርጡታል።

እኔን ከሁሉ ያስደሰተኝ የነጠላ ጥለትን በባለካሬ ወረቀት ላይ አስነድፈው፣ ካሬ በካሬ ወደ ክሌይ ማሻገርን ማስተማራቸው ነው። የተረፈው ቁርጥራጭም አይጣልም፤ ተደራርቦና ተጎርብጦ በስሱ ሲላግ፣ የጃፓን አንጥረኞች ሞኩሜ ጋኔ ከሚሉት ሥራ ጋር የሚመሳሰል የእንጨት ጅማት መሰል ጥለት ይወጣዋል።

በጥንቃቄ በኩል እንከን አላገኘሁባቸውም። ፊሞ ለተባለው የፖሊመር ክሌይ ምርት የተወሰነውን 110 ዲግሪ ሴንቲግሬድና 30 ደቂቃ በኦቨኑ ቁልፍ ሳይሆን ውስጥ በተቀመጠ ቴርሞሜትር ይቆጣጠራሉ፤ ክሌዩ ካረረ የሚወጣው ጭስ ይጎዳል። ለክሌይ የዋለ የፓስታ ማሽንም ወደ ምግብ አይመለስም።

በመጀመሪያው ቀን ጉትቻ አንጠልጥሎ መሄድ ለሚፈልግ ትምህርታቸው አይሆንም፤ ዝግ ያለ ነው። ክሌዩንና መሣሪያውን የሚያቀርቡት እርሳቸው ናቸው። ምላጩ እጅግ ስለታም ስለሆነ ግን ሕፃናትን አይቀበሉም።