ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ደረቴ ላይ የከረመው ቢከን

አሜሪካ ኮሎራዶ ውስጥ ከስኪ (የበረዶ ላይ መንሸራተቻ) ማዕከላት ውጭ ተራራ የሚወጣ ሰው ቢከን፣ በረዶ የሚወጋ ተጣጣፊ ዘንግና አካፋ መያዝ ግድ ይለዋል። ቢከን የበረዶ ናዳ ሰው ሲቀብር ከሥር ምልክት የሚልክ፣ ከላይ ላሉት ደግሞ የሚፈልግ በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ነው። የእኔው ባለ ሦስት አንቴና ዲጂታል ነው፤ በርተድ ፓስና ላቭላንድ ፓስ በሚባሉት የተራራ መተላለፊያዎች አካባቢ ወቅቱን ሙሉ አብሮኝ ስለከረመ አሁን አፌን ሞልቼ ልናገርለት እችላለሁ።

ጥንካሬው ፍለጋ ላይ ነው። ዘመናዊ ቢከኖች ሁሉ በ457 ኪሎኸርዝ ስለሚሠሩ የጓደኞቼ ከሌላ ፋብሪካ ቢሆንም ይገናኛሉ። ለልምምድ አንዱን በከረጢት ቀብረን ስንፈልግ መሣሪያው ላይ የሚታየው ቀስት ሳይወላውል መራኝ። ጀማሪዎች ግን ይህን እወቁ፦ ቀስቱ በቀጥታ አይወስድም፤ የምልክቱን ጥምዝ ተከትሎ ያዞራል። ርቀቱን የሚያሳየው ቁጥር እየቀነሰ እስከሆነ ድረስ እመኑት። 3 ሜትር ገደማ ሲቀር መሣሪያውን በረዶው ላይ አስጠግቶ፣ መጀመሪያ ወደፊትና ወደኋላ፣ ቀጥሎ ወደ ግራና ቀኝ ትንሹን ቁጥር መፈለግ፣ ከዚያ በዘንጉ መውጋት ነው። እጃችሁ ይህን ሳይለምድ ተራራ አትውጡ። የተቀበረ ሰው በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ከተገኘ የመትረፍ ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ከዚያ በኋላ ቁልቁል ይወርዳል።

ያልወደድኩለት ከመላክ ወደ መፈለግ የሚቀይረውን ቁልፍ ነው፤ በወፍራም ጓንት ያስቸግራል። መመሪያው የሚፈቅደው አልካላይን ባትሪ ብቻ ነው፤ ወቅቱ ሲያልቅ ደግሞ ባትሪው እንዳያፈስበት አውጥቼ አስቀምጣለሁ። ስልክ ምልክቱን ስለሚረብሽ ስትፈልጉ ቢያንስ 50 ሴንቲ ሜትር አርቁት። እኛ በመነሻው ቦታ ሁልጊዜ አንዱ ቆሞ የሌሎቹን ምልክት እየፈተሸ ያሳልፋል።

ቢከን ናዳን አያስቀርም። የኮሎራዶ በረዶ ስስ ስለሆነና ብርዱ ስለሚጠና ከሥሩ እንደ ስኳር የሚበተን ደካማ ንጣፍ ይፈጠራል፤ በላዩ አዲስ በረዶ ሲከመርበት ሰው ሲረግጠው ይናዳል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት የኮሎራዶ የበረዶ ናዳ መረጃ ማዕከልን ትንበያ ሳላነብ ከቤት አልወጣም። ከ1 እስከ 5 ባለው የአደጋ መለኪያ 3 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ናዳ የሚበዛባቸውን ከ30 እስከ 45 ዲግሪ የሚያዘነብሉ ዳገቶች ትተን ለጥ ያለውን መንገድ እንይዛለን፤ ከእነሱ ሥርም አናልፍም።

ያገለገለ ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁ፣ ባለ አንድ አንቴናውን አሮጌ በርካሽ አገኘን ብላችሁ አትውሰዱ። አዲሱ ከ300 ዶላር በላይ ቢያስወጣም፣ የሚፈልጋችሁ ጓደኛም የራሱ ሊኖረው ይገባልና ሁለታችሁም በአንድ ጊዜ ግዙ።