ኮን፣ የሚነፋ ቀለበት ወይስ ልብስ? ከቀዶ ሕክምና በኋላ የውሻን ስፌት ከራሱ አፍ የሚጠብቁ ዕቃዎች ግምገማ

ውሻ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ቤት ሲገባ የሰው ሁሉ ሐሳብ መድኃኒቱና ምግቡ ላይ ያርፋል። ስፌቱን የሚያበላሸው ግን ብዙ ጊዜ የውሻው የራሱ አፍ ነው። በምላሱ ደጋግሞ ሲልስ ገና መጋጠም የጀመረውን ቆዳ ያርሳል፣ ያቆስላል፣ የአፉን ባክቴሪያም ይጨምርበታል። ከምላሱ የሚብሱት የፊት ጥርሶቹ ናቸው። ውሻ ቁንጫ ሲፈልግ ጸጉሩን እንዴት በጥቃቅኑ እንደሚነክስ ያየ ሰው አንድ ክር ለመንቀል ምን ያህል ጊዜ እንደሚበቃው መገመት አያቅተውም፤ ደቂቃዎች ናቸው። የውሻ ምላስ ቁስል ያድናል የሚባለውን ነገር ቢያንስ ስፌቱ እስኪወጣ ድረስ እርሱት።

ለዚህ ሥራ የሚሸጡት ዕቃዎች በዋናነት አራት ናቸው፦ ጠንካራው የፕላስቲክ ኮን (አንገት ላይ ታስሮ ጭንቅላትን የሚከብ፣ ወደ ፊት እየሰፋ የሚሄድ አንገትጌ)፣ ለስላሳው የጨርቅ ኮን፣ አንገት ላይ የሚነፋው ቀለበትና ገላን የሚሸፍነው ልብስ። ገዢው አብዛኛውን ጊዜ የሚመርጠው ለውሻው የሚመች የመሰለውን ነው። እኛ የመዘንነው በሌላ ነገር ነው፤ ቁስሉ የት ነው? አፉስ እዚያ ይደርሳል ወይ? የቆዳ ስፌት ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 14 ቀን ስለሚቆይ፣ ዕቃው ያን ሁሉ ቀንና ሌሊት ሳይወልቅ የሚቆይ መሆን አለበት። በተለይ ከሦስተኛው ቀን በኋላ ያለው ጊዜ አደገኛ ነው። ሕመሙ ይቀንሳል፣ ቁስሉ መብላት ይጀምራል፣ ውሻው ይነቃቃል፣ ባለቤቱም "አሁንስ ዳነ" ብሎ ይዘናጋል።

ጠንካራው የፕላስቲክ ኮን ከ5 ነጥብ 4.5 አግኝቷል። በእንግሊዝኛ "የኤልሳቤጥ ዘመን አንገትጌ" የሚለውን ስሙን ያገኘው ከ1558 እስከ 1603 በእንግሊዝ ከነገሠችው ከቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ዘመን ነው፤ በዚያን ጊዜ ሰዎች አንገታቸው ላይ ያደርጉት የነበረውን ሰፊ የተሸበሸበ አንገትጌ ይመስላል። ቅርጹ ያስቃል፣ ውሻው ይጠላዋል፣ በር ላይ ይጋጫል፤ ሆኖም ሆድን፣ ጎንን፣ እግርንና ጅራትን ከአፍ፣ ዓይንንና ጆሮን ደግሞ ከጥፍር በአንድ ጊዜ የሚጠብቅ ሌላ ዕቃ የለም። ዓይኑ ወይም ጆሮው ለተሠራለት ውሻ ከዚህ ሌላ ማሰብም አያስፈልግም።

ኮን ሳይሠራ ሲቀር ጥፋቱ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል የልክ ወይም የአስተሳሰር ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት ልክ ያዙ፤ አንደኛው የአንገቱ ዙሪያ፣ ሁለተኛው ከአንገት ማሰሪያው እስከ አፍንጫው ጫፍ ያለው ርዝመት። የኮኑ ጠርዝ ከአፍንጫው ጫፍ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ማለፍ አለበት። ከአፍንጫው እኩል ከሆነ ውሻው አንገቱን ቆልምሞ ምላሱን በጠርዙ ላይ ያሳልፋል፤ ኮኑም ጌጥ ብቻ ይሆናል። በአንገቱና በኮኑ መካከል ሁለት ጣት መግባት ይኖርበታል። ሦስት ከገባ ውሻው ወደ ኋላ እየሄደ በፊት እግሩ ገፍቶ ያወልቀዋል፤ አንድ ብቻ ከገባ ቆዳውን ይልጠዋል፣ ትንፋሹንም ያስጨንቃል።

አስተሳሰሩ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በቬልክሮው (እርስ በርሱ በሚጣበቀው መዝጊያ) ብቻ መዝጋቱ ነው። በኮኑ የውስጥ ጠርዝ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ወይም ቀለበቶች ያለ ምክንያት የተሠሩ አይደሉም፤ የውሻውን የአንገት ማሰሪያ፣ ካልሆነም ቁራጭ ፋሻ፣ በየተራ አሳልፋችሁ ቋጥሩበት። ከዚያ ፈትኑት። ውሻው ከማደንዘዣው ሙሉ በሙሉ ከነቃ በኋላ አጠገቡ ተቀምጣችሁ ለአሥር ደቂቃ ያህል ተመልከቱ። ተጠቅልሎ ተኝቶ ምላሱ ቁስሉ ላይ ከደረሰ አንድ ቁጥር ከፍ ያለ ያስፈልገዋል። ቆሞ መሞከር ብቻውን አይበቃም፤ ውሻ ስፌቱን የሚፈታው ተኝቶ ነው።

ስትመርጡ ብርሃን የሚያሳልፈውን ግዙ። ጎኑን የሚያይ ውሻ ብዙም አይደነግጥም፤ ቀለም የተቀባው ወይም ነጭ ድፍኑ ግን የጎን እይታውን ይጋርደዋል። በጣም ስስ የሆነ ፕላስቲክ ከበር ጋር ሲጋጭ ጠርዙ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁም እንደ ምላጭ ይቆርጣል፤ እንዲህ ሲሆን በወፍራም ፕላስተር መሸፈን ወይም መቀየር ነው። በመጀመሪያው ቀን ውሻው ኮኑን እንዳጠለቀ ደርቆ ቢቆም፣ ወደ ኋላ ቢሄድ፣ ግድግዳ ይዞ ቢቀር አትደንግጡ። አብዛኞቹ በአንድ ሁለት ቀን ይለምዱታል። ቤት ውስጥ ከመተላለፊያው ላይ ወንበርና የሚሰበር ነገር ማንሳት በኮኑ ላይ ከማዘን ይልቅ ይጠቅመዋል።

ትልቁ ቅሬታ መብላትና መጠጣት ነው። መፍትሔው ከኮኑ አፍ ጠበብ ያለ ሳህን ወስዶ በተደፋ ድስት ወይም በወፍራም መጽሐፍ ላይ ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ነው። ያኔ ኮኑ ሳህኑን እንደ ክዳን ይሸፍነዋል፣ አፉም ምግቡ ላይ ይደርሳል። ወለል ላይ በተቀመጠ ሰፊ ሳህን ግን ጠርዙ መሬት ስለሚነካ ገፍቶት ይዞራል እንጂ አይበላም። ምግቡን ቢበላም ውሃው መቀነሱን ተከታተሉ፤ ከምግብ ይልቅ በጸጥታ የሚተወው ውሃውን ነው። እንቢ ካለ ለመብላት ያህል አውልቁለት፣ እጃችሁን ግን ከአንገቱ አታንሱ፤ ሳህኑን ጨርሶ ከመነሳቱ በፊት መልሱት። ኮኑን በየቀኑ በለብ ያለ ውሃና በሳሙና ጥረጉ፣ አድርቁ፣ ከሥሩ ያለውን የአንገት ቆዳም ቀይ ነገር እንዳለ እዩ። የደረቀ ምራቅና የምግብ ፍርፋሪ ቆዳውን ያቆስለዋል።

ነጥብ የቀነስንበት ለሁለት ዓይነት ውሾች ነው። እንደ ፐግና ቡልዶግ ያሉት አንገታቸው ከጭንቅላታቸው እኩል ስለሚወፍር ይንሸራተትባቸዋል። የመተንፈሻ ቧንቧ ድክመት ያለባቸው ትንንሽ ውሾች ደግሞ አንገታቸው ላይ ጫና መደረግ የለበትም፤ ኮኑ ደረት ላይ ከሚታሰር ማሰሪያ ጋር ቢያያዝ ይሻላል።

የጨርቁ ኮን 2.5 ነጥብ። ለእንቅልፍ ይመቻል፣ አይንኳኳም፣ ሲጋጭም አይጎዳም። ድክመቱም ከልስላሴው የመጣ ነው። ውሻው ወለሉ ላይ ተጭኖ ያጥፈዋል፣ አፍንጫውም በታጠፈው በኩል ይወጣል። ውሃ ሲጠጣ ጠርዙ ይርሳል፣ ይከብዳል፣ ይወድቃል። ውስጡ የፕላስቲክ ዘንግ ያለው ይሻላል፤ እሱም ቢሆን ቀን ቀን ሰው ለሚጠብቀው ረጋ ያለ ትንሽ ውሻ ነው።

የሚነፋው ቀለበት 3 ነጥብ አግኝቷል፤ ለአንዳንድ ውሾች ግን ዜሮ ነው። ሰው የማይረዳው ነገር አሠራሩ ነው። ቀለበቱ ምንም ነገር አይሸፍንም፤ የሚያደርገው አንገት ወደ ኋላ እንዳይቆለመም ማገድ ብቻ ነው። ስለዚህ ጥቅሙ በአንገቱና በአፉ ርዝመት ይወሰናል። አጭር አንገትና አጭር አፍ ያለው ውሻ ጎኑ ወይም ጀርባው ተሰፍቶ ከሆነ በደንብ ይሠራል፤ ይበላበታል፣ ይጠጣበታል፣ እንደ ትራስም ይተኛበታል። እንደ ጀርመን እረኛና ዶበርማን ያለ ረጅም አፍ ያለው ውሻ ግን እግሩ ላይ፣ ጅራቱ ላይ፣ ብዙ ጊዜም የታችኛው ሆዱ ላይ ይደርሳል። ዓይንና ጆሮን ከመቧጨር ፈጽሞ አይከላከልም። አየሩ በጥፍር ቀዳዳ ቀስ እያለ ስለሚወጣ ጠዋትና ማታ ተጫኑት፤ ለስልሶ ከተገኘ ሌሊቱን ሙሉ አልሠራም ማለት ነው። የአንገት ማሰሪያውን በቀለበቱ ማጥለቂያ ሳያሳልፉ ማድረግም እንዲሁ ከንቱ ነው።

ልብሱ ለሆድና ለደረት ቁስል 4 ነጥብ፣ ለእግር 0። ከሚለጠጥ ጥጥ የተሠራ፣ አራቱ እግሮች የሚገቡበት፣ ከኋላ ጠቅ እያሉ በሚገጥሙ ቁልፎች የሚዘጋ ነው። ማህፀኗ ለወጣላት ሴት ውሻ፣ ኮን ለሚያወልቁ አንገተ ወፍራሞች፣ በኮን ምክንያት ፈጽሞ መንቀሳቀስ ለሚተዉ ፈሪዎች ይህ የመጀመሪያ ምርጫ ሊሆን ይችላል። ልክ ሲያዝ ከአንገት ሥር እስከ ጅራት መነሻ በጀርባ በኩል ይለካል፤ የደረቱ ሰፊ ቦታ ዙሪያም ይታከላል። ከሰፋ ጨርቁ ስፌቱ ላይ ይሸበሸባል፣ እግሩም ይጠላለፍበታል፤ ከጠበበ ብብቱንና ጉያውን ይልጠዋል። በሁለተኛው ቀን እነዚህን ቦታዎች ገልጣችሁ እዩ።

ዋናው ጣጣው ሽንት ነው። የወንድ ውሻ ሽንት የሚወጣው ከሆዱ መሐል ስለሆነ በወጣ ቁጥር የኋላውን ክፍል ፈትቶ ወደ ጀርባው መጠቅለል ያስፈልጋል፤ ለሴቷም ከጅራቷ ሥር መፈታት አለበት። አንድ ጊዜ ተረስቶ ከራሰ ወዲያው ይቀየራል፤ እርጥብ ጨርቅ የለበሰ ቁስል ይለሰልሳል፣ ይበከላል። ስለዚህ ሁለት ካልገዛችሁ አንድም አትግዙ። ለተኮላሸ ወንድ ሌላም ችግር አለ፤ ቁስሉ ብዙውን ጊዜ ከቆለጡ ከረጢት ፊት ስለሚሆን የብዙ ልብሶች የኋላ ክፍት ቦታ በትክክል እሱኑ ይተወዋል።

ሁለተኛው ጣጣ በጨርቁ ላይ መላስ ነው። በስፌቱ አቅጣጫ ልብሱ ላይ እርጥብ ክብ ምልክት ካገኛችሁ ውሻው እየላሰ ነው፤ ኮን ይጨመርበት። ፈሳሽ ማስወጫ ቱቦ የገባለት ውሻ ያለ ሐኪም ፈቃድ ልብስ አይለብስም፤ ቱቦው ይሳባል። የሰው ካናቴራ ጀርባው ላይ ቋጥሮ ማልበስ ለጥቂት ሰዓት ያስታግሳል እንጂ የኋላው ክፍል ስለሚንሸራተት ምትክ አይሆንም።

ከእነዚህ ጋር ተያይዘው ከሚሸጡት አብዛኞቹን ባትገዙ ይሻላል። መራራ የሚረጭ ፈሳሽ ቁስል ላይ አይደረግም፣ ፋሻ ላይ ሲደረግም ጣዕሙን ከቁም ነገር የማይቆጥሩ ውሾች ብዙ ናቸው። አልኮልና ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ አዲስ የሚያድገውን ሥጋ ይጎዳሉ። ሐኪም ያላዘዘው ቅባት ውሻውን ለመላስ ይጋብዘዋል። የሰው ማስታገሻ ደግሞ ጨርሶ አይነካ፤ አይቡፕሮፌን የጨጓራ ቁስለትና የኩላሊት ጉዳት፣ ፓራሲታሞል የጉበትና የቀይ የደም ሴል ጉዳት ያመጣሉ።

የትኛውም ዕቃ የማይሠራው ሥራ ደግሞ አለ፤ ውሻውን ማሳረፍ። ከቆዳው ሥር ሌላ የጡንቻ ስፌት ሊኖር ይችላል፣ እሱን ኮን አይጠብቀውም። ለሽንት በገመድ ታስሮ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይውጣ፤ ሶፋ ላይ መዝለልና ደረጃ መሮጥ ይቅር። ብዙ ሲንቀሳቀስ ከስፌቱ ሥር ፈሳሽ ተጠራቅሞ ለስላሳ እብጠት ይፈጠራል። በሳጥን ውስጥ የሚያድር ከሆነ ኮኑን እንዳጠለቀ መዞር መቻሉን አረጋግጡ፤ በፊት የሚበቃው ሳጥን አሁን ላይበቃው ይችላል። እግሩ በፋሻ ከታሰረ ሲወጣ በፕላስቲክ ከረጢት ሸፍኑት፣ ሲገባ አውልቁት። ከፋሻው በታች የሚታዩት ጣቶቹ ካበጡ፣ ከተራራቁ ወይም ከቀዘቀዙ ፋሻው ጠብቋል ማለት ነውና በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።

የትኛውንም ብትመርጡ በቀን ሁለት ጊዜ ቁስሉን በብርሃን እዩ፤ በየቀኑ በስልክ ፎቶ ማንሳት ለውጡን ከትዝታ በተሻለ ያሳያል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ መቅላትና መነፋት ያለ ነው። እየጨመረ የሚሄድ እብጠት፣ መግል፣ መጥፎ ሽታ፣ የተከፈተ ስፌት፣ የማይቆም ደም፣ ከ39.5 ዲግሪ በላይ ሙቀት ግን የሐኪም ጉዳይ ነው። ድዱ ነጭ ሆኖ ከደከመ ሰዓት አይጠበቅም፤ ውስጡ እየደማ ሊሆን ይችላል።

ስፌቱ በወጣበት ዕለት ኮኑን ወዲያው አታውልቁ። የክሩ ቀዳዳዎች ገና ስላልተዘጉ አንድ ቀን ይጨመርበት። ከዚያ በሳሙና አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ቬልክሮውን ፈትታችሁ ዘርጉት፤ ጠፍጣፋ ስለሚሆን ከቁም ሣጥን ጀርባ ይገባል።