አልጋ ላይ መማር፦ ጅማ ውስጥ በሆስፒታልና በቤት እየዞሩ የሚያስተምሩ የሦስት መምህራን አገልግሎት

ልጄ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት። ኅዳር 8 ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ የተሳፈረችበት ባጃጅ አጂፕ አካባቢ ተገልብጦ የቀኝ ጭኗ አጥንት ተሰበረ። ከስድስት ሳምንት በላይ በሆስፒታል አልጋ ላይ፣ ከዚያም እስከ የካቲት መጨረሻ ቤት ውስጥ በክራንች ቆየች። ከኅዳር 27 እስከ መጋቢት መግቢያ ድረስ ለ13 ሳምንታት ሦስት መምህራን እየተፈራረቁ አስተምረዋታል። ይህን የምጽፈው ተመሳሳይ ችግር የገጠመው ወላጅ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ምን እንደሚያገኝና ምን እንደማያገኝ አስቀድሞ እንዲያውቅ ነው። መምህራኑ ቢሮም ታፔላም የላቸውም፤ ሥራውን ከመደበኛ ሥራቸው ጎን ለጎን ስለሚሠሩት ስማቸው እንዳይጠቀስ ጠይቀውኛል። ስልካቸው ከአስታማሚ ወደ አስታማሚ የሚተላለፍ ሲሆን እኔም ያገኘሁት በዚሁ መንገድ ነው።

ከአደጋው እስከ መጀመሪያው ትምህርት ድረስ 19 ቀናት አልፈዋል፤ ለዚህ ግን ተጠያቂዎቹ መምህራኑ አይደሉም። የመጀመሪያው ሳምንት እናቴ «ወጌሻ ይያት» ሲሉ፣ እኔ «ሐኪም የያዘውን አናስነካም» ስል በክርክር አለቀ። (የጭን አጥንት ስብራት ለወጌሻ የሚሰጥ ጉዳይ እንዳልሆነ አሁንም አምናለሁ፤ እናቴም አሁንም አላመኑም።) የቀረው ጊዜ ወደ ትምህርት ቤት በመመላለስ ሄደ። እዚያ ያገኘሁት መልስ ዊዝድሮዋል (የትምህርት ማቋረጫ ቅጽ) ሞልታ በሚቀጥለው ዓመት እንድትደግም የሚል ነበር። በክፋት የተናገሩት አይመስለኝም፤ በሕመም ምክንያት ለወራት የሚቀር ተማሪን በሚመለከት ሌላ የሚያውቁት መንገድ ስላልነበራቸው ነው። መጋቢት 2012 ላይ ኮሮና ትምህርት ቤቶችን ሲዘጋ ትምህርት በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በቴሌግራም ወደ ቤት መግባት እንደሚችል ሁላችንም አይተናል፤ ያ ልምድ ግን የትምህርት ቤቱ በር ሲከፈት ተረሳ።

ሌሎች አገሮች እንዲህ ያለውን ጉዳይ ቀን ቆጥረው ወስነውታል። በእንግሊዝ አንድ ልጅ በሕመም ምክንያት 15 የትምህርት ቀናት ወይም ከዚያ በላይ እንደሚቀር ከታወቀ ትምህርት የማዘጋጀቱ ግዴታ የአካባቢው አስተዳደር ነው፤ ቀኖቹም የግድ ተከታታይ መሆን የለባቸውም። በጣሊያን ደግሞ ሆስፒታል ተኝቶ የነበረ ተማሪ ቢያንስ ለ30 ቀናት ከትምህርት ገበታ የሚርቅ ከሆነ መምህር ወደ ቤቱ የሚላክበት ሥርዓት አለ። እኛ የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንን በአዋጅ ቁጥር 10/1984፣ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽንን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቀናል። ሆኖም ሁለተኛው ኮንቬንሽን በዋናነት የሚያስበው የረዥም ጊዜ ጉዳት ያለባቸውን ሰዎች ስለሆነ፣ ለአራት ወራት መራመድ የማትችል፣ በአምስተኛው ግን ቆማ የምትሄድ ልጅ ጤነኛም አካል ጉዳተኛም ሳትባል በመካከል ትቀራለች። ያንን ክፍተት የሚሞላው የወላጅ ኪስ ነው፤ ይህ አገልግሎትም የበቀለው እዚያው ክፍተት ውስጥ ነው።

ከሁሉ አስቀድሜ የማመሰግናቸው ገና ትምህርት ሳይጀምሩ በሠሩት ሥራ ነው። የሒሳብና የፊዚክስ መምህሩ ከልጄ ጋር ሳይተዋወቅ መጀመሪያ የሄደው ወደ ትምህርት ቤቷ ነበር። ከእያንዳንዱ መምህር የሴሚስተሩን የትምህርት ዕቅድ፣ የደረሱበትን ምዕራፍና የተከታታይ ምዘናውን የነጥብ አከፋፈል ጽፎ መጣ። ይህ ለምን እንደሚያስፈልግ የገባኝ ቆይቶ ነው። ከመቶው ነጥብ ከፊሉ የሚገኘው በሴሚስተሩ ውስጥ ከሚሰጡ አጫጭር ፈተናዎች፣ ከቤት ሥራና ከቡድን ሥራ ስለሆነ፣ ተማሪዋ ትምህርቱን እንደ ውኃ ብትጠጣው እንኳ እነዚህ ነጥቦች በዜሮ ከተሞሉ የማጠቃለያው ፈተና ብቻውን አያነሣትም። ስለዚህ አንድ ወፍራም ደብተር «መገናኛ» ተብሎ ተከፈተ፤ የክፍል መምህራኑ ሥራውን ይጽፉበታል፣ ልጄ አልጋዋ ላይ ሆና ትሠራዋለች፣ ደብተሩም በየሳምንቱ ዓርብ ወደ ትምህርት ቤት ተመልሶ ይታረማል። ዊዝድሮዋል ሙሉ ብለውን የነበሩት ሰዎች ደብተሩ ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣላቸው ስለመድገም ማንሣት አቆሙ። አስጠኚ ፈልጎ ማግኘት ጅማ ውስጥ አይቸግርም፤ አስጠኚውንና ትምህርት ቤቱን የሚያገናኝ ሰው ማግኘት ግን ይቸግራል፣ እኔም ዋናውን ገንዘብ የከፈልኩት ለዚህ እንደሆነ እቆጥረዋለሁ።

ሆስፒታል ውስጥ ማስተማር ቤት ውስጥ እንደማስጠናት አይደለም። ልጄ ትራክሽን ላይ ነበረች። ከጉልበቷ በታች ባለው አጥንት ውስጥ ብረት አልፎ፣ ከብረቱ የታሰረው ገመድ በአልጋው ግርጌ በተተከለ በከራ ላይ ዞሮ ክብደት ተንጠልጥሎበታል፤ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ በጀርባዋ ተንጋላ ነው የምትውለው። በመጀመሪያው ቀን መጽሐፉን ወደ ላይ ይዛ ማንበብ ከጀመረች ብዙም ሳይቆይ ክንዷ ዛለ። እስክሪብቶውም ወደ ላይ ሲዞር ቀለሙ አልወርድ ብሎ መጻፍ አቆመ። መምህሩ በማግሥቱ ሁለት እርሳሶች ይዞ መጣ፤ ወረቀቱንም በልብስ መቆንጠጫ የራጅ ፖስታው ላይ አጣብቆ፣ ፖስታውን በደረቷ ላይ በትራስ አስደግፎ እንደ ሰሌዳ ተጠቀመበት። አርባ ደቂቃ የሚወስደውን ክፍለ ጊዜም ለሁለት ከፈለው።

የሰዓቱ ጉዳይም በልምድ የተገኘ ነው። ጠዋት ሐኪሞቹ ራውንድ ላይ ሲሆኑ ማንም ወደ ክፍሉ አይገባም፤ ማስታገሻ ከወሰደች በኋላ ደግሞ እንቅልፍ ይጥላታል፤ በጠያቂ ሰዓት ለእያንዳንዱ አልጋ አምስትና ስድስት ሰው ከምሳ ዕቃና ከፔርሙዝ ጋር ይገባል። የተረፈው ራውንድ ካለቀ በኋላ ምሳ እስኪደርስ ያለው ጊዜ ብቻ ነበር። የኬሚስትሪና የባዮሎጂዋ መምህርት ይህን እስክታውቅ ድረስ ሁለት ጊዜ መጥታ ልጄን ተኝታ አግኝታታለች።

ከትምህርቶቹ ሁሉ የማይረሳኝ የፊዚክሱ ነው። ስለ ቀላል ማሽኖች የሚያወራው ምዕራፍ ላይ ሲደርሱ መምህሩ መጽሐፉን ዘግቶ የራሷን እግር አሳያት። ክብደቱ የሚወርደው ቁልቁል ሲሆን እግሯ የሚጎተተው ግን ወደ ግርጌ ነው፤ ይህ የሆነው መጽሐፉ ፑሊ የሚለው በከራ ቦታው ላይ ቋሚ ከሆነ የኃይሉን አቅጣጫ ስለሚለውጥ ነው፣ መጠኑን ግን አይቀንሰውም። ቀጥሎም የአልጋው የግርጌ እግሮች በብሎኬት ላይ ከፍ ተደርገው የቆሙት ለምን እንደሆነ ጠየቃት። ልጄ ለጥቂት ጊዜ ጣራ ጣራውን አየችና «እንዳልንሸራተት ነዋ ቲቸር፤ ክብደቱ ወደዚያ ሲስበኝ የእኔ ክብደት ደግሞ ወደ ራስጌ ይመልሰኛል» አለችው። ሦስት ሳምንት ሙሉ የጠላችውን ዕቃ ከዚያን ቀን በኋላ ለሚጠይቋት ሁሉ ታስረዳ ጀመር፤ አንዲት ነርስም «እኛን ተኪ» ብላ ስቃባታለች።

በአጠገቧ አልጋ ላይ ከሰቃ ጮቆርሳ የመጣ፣ ከቡና ዛፍ ላይ ወድቆ እግሩን የተሰበረ የአምስተኛ ክፍል ልጅ ነበር። መምህሩ ለልጄ ጥያቄ ሰጥቶ እስክትሠራ ድረስ ወንበሩን ወደ እሱ አዙሮ በአፋን ኦሮሞ የክፍልፋይ ሒሳብ ያሠራው ነበር። ስለ ክፍያ ማንም አልጠየቀም፤ እኔም የምከፍለው ሰዓት ተቆረሰ ብዬ አላሰብኩም። የልጁ አባት ግን ከመውጣታቸው በፊት አንድ ፌስታል ቡና አምጥተው እግርጌው አስቀምጠውለታል።

አሁን ወደ ጉድለቶቹ ልምጣ። ሦስቱ መምህራን እኩል አይደሉም። እንግሊዝኛን፣ ጂኦግራፊንና ታሪክን የያዘው ሦስተኛው መምህር ይዞት የሚመጣው ከየት እንደተቀዳ የማይታወቅ ፎቶ ኮፒ ሲሆን፣ ከልጄ መጽሐፍ ጋር የሚገናኘው በርእስ ብቻ ነበር። አጭር ማስታወሻውን ያነባል፣ ምርጫ ጥያቄ ያሠራል፣ መልሱን ይናገራል፣ ይሄዳል። ሕመምተኛ ልጅ ፊት መቀመጥ ራሱ የሚያስጨንቀው ይመስለኛል፤ እግሯን ላለማየት ሲል ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ የሚያስተምርባቸው ቀናት ነበሩ። የሴሚስተሩ ውጤት ሲመጣም ዝቅ ያለ ነጥብ ያገኘችው በእሱ ትምህርቶች ነው።

ሁለተኛው ቅሬታዬ የክፍያ ደንባቸውን ይመለከታል። ትምህርቱ ሊጀመር ቢያንስ ሦስት ሰዓት ሲቀረው ካልተሰረዘ መምህሩ ደርሶ ቢመለስም ሙሉ ክፍያ ይጠየቃል። ለጤነኛ ተማሪ ይህ ተገቢ ነው፤ መምህሩም ጊዜውን አውጥቶ፣ ለባጃጅ ከፍሎ ነው የሚመጣው። ሕመም ግን ቀጠሮ አያውቅም። ብረቱ የገባበት ቦታ ቆስሎ ትኩሳት በያዛት ሳምንት ምንም ላልተማረችባቸው አምስት ሰዓታት 1,000 ብር ከፍያለሁ። ጉዳዩን ሳነሣላቸው ተወያይተው ከዚያ በኋላ ላሉት ቀናት ግማሽ ክፍያ እንዲሆን ተስማምተዋል፤ የተከፈለውን ግን አልመለሱም። ደረሰኝም አይሰጡም፤ የሰዓቱን ቁጥር የያዝነው በመገናኛ ደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ በመፈራረም ነው።

ታኅሣሥ 22 ቀን ትራክሽኑ ወጥቶ ቤት ከገባን በኋላ ሥራው ቀለለ። ጠረጴዛ አለ፣ ጸጥታ አለ፣ ሻይ አለ፤ መብራት በሚጠፋበት ምሽት በሻማ መጻፉ ብቻ አስቸጋሪ ነበር። በዚህ ጊዜ ከባድ ሆኖ የተገኘው የማጠቃለያው ፈተና ነው፤ የልጄ መማሪያ ክፍል ያለው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበርና። የፊዚክሱ መምህር ምድር ቤት እንድትፈተን የሚጠይቀውን ማመልከቻ ከእኔ ጋር ሆኖ ሲያዘጋጅ የሕክምና ማስረጃውን አንብቦ መልሶ ወደ ሆስፒታል ላከኝ። «ዕረፍት ያስፈልጋታል» የሚል ወረቀት ለትምህርት ቤት ከመቅረት ፈቃድ ያለፈ ትርጉም የለውም፤ ከስንት ቀን እስከ ስንት ቀን፣ ደረጃ መውጣት እንደማትችል፣ መቀመጥና መጻፍ ግን እንደምትችል ተለይቶ መጻፍ አለበት አለኝ። ሐኪሙ በዚያው መሠረት ጻፈልን። ልጄም ጥር መጨረሻ ላይ ምድር ቤት ባለው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ ክራንቿን ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣ ከክፍል ጓደኞቿ ጋር በአንድ ሰዓት ተፈተነች። አማካይ ውጤቷ 74 ሆነ፤ በፊዚክስ 88፣ በእንግሊዝኛ 58 አምጥታለች።

አገልግሎቱ የማይሰጠው ነገር የዕድሜ እኩዮችን ነው። ሦስት ትልልቅ ሰዎች እየተፈራረቁ ቢያስተምሯትም ልጄ ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ጓደኞቿ ሲመጡ የምትስቀውን ሳቅ በሌላ ቀን አልሰማሁትም። መምህራኑ ይህን አስበውት ቢሆን ኖሮ አንዱን የቡድን ሥራ ከጓደኞቿ ጋር አልጋዋ ዙሪያ ማሠራት ይችሉ ነበር፤ አላሰቡትም፣ እኔም ያሰብኩት ካለፈ በኋላ ነው።

ዋጋውን በተመለከተ፣ የሰዓቱ ክፍያ 200 ብር ነው፤ በሳምንት ስድስት ሰዓት ተምራ በ13 ሳምንታት ውስጥ በድምሩ 15,600 ብር አውጥቻለሁ፤ ትኩሳቱን ሳምንት ጨምሮ ማለት ነው። ለአንድ ደመወዝተኛ ቤት ቀላል ገንዘብ አይደለም። ሊያናግሯቸው የሚፈልጉ ወላጆች የመገናኛ ደብተሩ ከመጀመሪያው ቀን እንዲከፈትና የሕመም ቀናት ክፍያ በጽሑፍ እንዲወሰን ቢጠይቁ መልካም ነው፤ የትኛው መምህር የትኛውን ትምህርት እንደሚይዝም ቀድመው ይስማሙ። ልጄ መጋቢት 1 ቀን ወደ ክፍሏ ተመልሳለች፤ ከሁለቱ መምህራን ጋር ሒሳባችንን ዘግተን ተለያይተናል፤ የፊዚክሱ መምህር ግን በልጄ ጥያቄ ቅዳሜ ጠዋት ለአንድ ሰዓት ተኩል ይመጣል፣ ከእሱ ትምህርት በኋላም ጓደኞቿ ይደርሳሉ።