ዶልፊኗን ቤት አድርገን፦ አምስት ወር በጎጃም ብርድ

ኅዳር መጀመሪያ ላይ ቤት ባደረግናት መኪናችን ውስጥ ያለውን ፍራሽ ስገለብጠው ሥሩ ጥቁር ነጠብጣብ አውጥቶ አገኘሁት። ሻጋታ ነው። ጣሪያው አያፈስም። ዝናብ ከቆመም ሳምንታት አልፈዋል። ታዲያ ውሃው ከየት መጣ? ከእኛው ነው የመጣው። ከትንፋሻችን።

ስለዚህች መኪና የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚለኝ "አይበርዳችሁም ወይ?" ነው። ይበርዳል። ግን ከመስከረም እስከ ጥር መጨረሻ ያስቸገረን ብርዱ ሳይሆን እርጥበቱ ነው። እንዲህ ያለ መኪና ለማሠራት ያሰበ ሰው ካለ ይህን ቀድሞ ይወቅልኝ።

መኪናዋ አሮጌ ቶዮታ ሃይኤስ ናት፤ ሁላችንም ዶልፊን የምንላት። 3ኤል የናፍታ ሞተር አላት። የኋላ ወንበሮቿ ወጥተው ግድግዳዋ ስፖንጅና ኮምፔርሳቶ ለብሷል። አልጋ፣ ትንሽ የጋዝ ምድጃና ሁለት የውሃ ጀሪካን ገብቶባታል። ፖርቶመጋላዋ ላይ 200 ዋት ሶላር አለ። እኔ፣ ባለቤቴና የሰባት ዓመት ልጃችን ከባህር ዳር እየተነሳን በየቅዳሜና እሁዱ፣ ሁለት ጊዜ ደግሞ ለሳምንት ወጥተንባታል። ዳንግላ፣ እንጅባራ፣ ደብረ ማርቆስ፣ ሞጣ፣ ደጀን። ወደ 4,000 ኪሎ ሜትር ነድተናታል።

መስከረም ቀላል ነበር። ሜዳው ሁሉ አደይ አበባ ነው፤ የሚያስቸግረው የገጠሩ ጭቃ ብቻ ነው። ጥቅምት ግን ሌላ ነው። አባቶቻችን "ለጥቅምት አንድ አጥንት" ያሉት ወደው አይደለም። ከደብረ ማርቆስ በሮብ ገበያ በኩል ወደ ጮቄ ተራራ ስትወጡ ጅባራ የሚባለው የውርጭ አገር ተክል ከሚታይበት ሳትደርሱ ነው ብርዱ የሚቀበላችሁ። እዚያ ባደርንበት ንጋት ሣሩ ላይ አመዳይ ነጭ ሆኖ ተኝቷል። መስኮቶቹ ከውስጥ በኩል ውሃ ያወርዳሉ። ጣሪያው ላይ የተጠራቀመ አንድ ጠብታ ልጄ ግንባር ላይ ጠብ አለና ቀሰቀሳት። "አባዬ፣ ዘነበ እንዴ?" አለችኝ።

ሦስት ሰው በአንድ ሌሊት በትንፋሽና በላብ ብቻ ከግማሽ ሊትር በላይ ውሃ ያወጣል። እኛ ብርዱን ፈርተን መስኮቱን ሁሉ ጥርቅም አድርገን ዘግተናል። ያ ውሃ መውጫ ሲያጣ ቀዝቃዛ ላሜራና መስታወት ላይ ያርፋል። ከፍራሹ ሥርም ይገባል፤ ምክንያቱም የአልጋው ወለል ድፍን ኮምፔርሳቶ ነበር። ከላይ የሰው ሙቀት፣ ከታች ቀዝቃዛ ጣውላ። ሻጋታ ከዚህ የተሻለ ቤት አያገኝም።

መፍትሔውን ያገኘሁት ከጋራዥ አይደለም። ኅዳር አጋማሽ ላይ ጮቄ ሥር ባለው ስናን ወረዳ ውስጥ መሸብን። አንድ አዛውንት ገበሬ ከበረታቸው ደጃፍ ቆመው አየናቸው።

"እንደምን አመሹ አባቴ። የመሸብን የእግዜር እንግዶች ነን። መኪናችንን ከአጥርዎ ሥር አቁመን እንደር?"

"ግቡ እንጂ! ቤት የእግዜር ነው።"

"አናስቸግርዎትም፤ እዚሁ መኪናው ውስጥ እንተኛለን።"

ፊታቸው ልውጥ አለ። "ቤት እያለ? ሕፃን ከነእናቷ ደጄ ላይ መኪና ውስጥ አድራ ነገ አገር ምን ይለኛል?"

ገባን። ለባለቤቴና ለልጄ የራሳቸውን ጠፍር አልጋ ለቀቁላቸው። እኔ ከእሳቸው ጋር መደብ ላይ ተኛሁ። ሌሊቱን ስለ ሻጋታው ነገርኳቸው። ጠዋት አልጋው ላይ የተነጠፈውን አጎዛ ገለጥ አድርገው አሳዩኝ። ከሥሩ ደረቅ ነው። "ላብ መውረጃ ይፈልጋል፤ ጠፍር ያሳልፋል፣ ሳንቃ ይይዛል" አሉኝ። በቃ ይኸው ነው። ለዘመናት የተተኛበት አልጋ መልሱን ይዞት ቆይቷል።

ኮምፔርሳቶውን ነቅዬ ጣልኩት። በቀጭን ብረት ፍሬም አሠርቼ፣ የበሬ ቆዳ እርጥቡን ተተልትሎ ተወጠረበት። እዚህ ላይ አንድ ስህተት ሠራሁ። ጠፍር ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ጉልበቱም ቀላል አይደለም። በሦስተኛው ቀን የብረቱ አንድ ጎን ወደ ውስጥ ታጥፎ አገኘሁት። በወፍራም የባሕር ዛፍ እንጨት ደግሜ አሠራሁ፤ እስካሁን ንቅንቅ አላለም። የቆዳው ሽታ ሁለት ሳምንት ያህል ቆየብን። ከዚያ ወዲህ ፍራሹ አንድም ቀን ረጥቦ አላየሁትም። ሌሊት ደግሞ በሁለት ተቃራኒ ጎን ያሉትን መስኮቶች ሁለት ሁለት ጣት ያህል ከፍተን ነው የምንተኛው። አየሩ ይቀዘቅዛል፤ ግን ብርድ ልብሱና ጋቢው ደረቅ ስለሆነ የሚሞቀን አሁን ነው።

የናፍታ ማሞቂያው ነገር ግን አሳዝኖኛል። ከመኪናው ታንከር ናፍታ እየወሰደ፣ ጭሱን በቱቦ ወደ ውጭ እያስወጣ፣ ደረቅ ሞቃት አየር ወደ ውስጥ የሚነፋ መሣሪያ ነው። ሐሳቡ ግሩም ነው። የገጠሙልን ሰዎች ያልነገሩን አንድ ነገር ነበር። መሣሪያው ቦታው ከፍ ሲል ካልተስተካከለ በትክክል አያነድም። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር አካባቢ ነች። ኦክስጅኑ ሲሳሳ የሚረጨው ናፍታ ግን ያው ነው። የተረፈው ናፍታ ጥላሸት ይሆናል። በወሩ ነጭ ጭስ እያወጣ አልነሳም አለ። ስንፈታው ውስጡ እንደ ጎጆ ቤት ጣሪያ ጠቁሯል። መካኒኩ የናፍታ ፓምፑን ምት ቀነሰልኝ። አሁን በየጊዜው ለግማሽ ሰዓት በከፍተኛው ሙቀት እያነደድኩ አጸዳዋለሁ። እንጅባራና ዳንግላ ላይ ይሠራል። ጮቄ ላይ ግን አላምነውም፤ እዚያ ስንወጣ ሙቅ ውሃ በላስቲክ ከረጢት እግራችን ሥር አድርገን ነው የምናድረው። ገና የሚገዛ ሰው የከፍታ ማስተካከያ እንዳለው ሳይጠይቅ ብር አይክፈል።

አንድ ነገር ግን ጮክ ብዬ ልናገር። ከአዲስ ቅዳም እስከ እንጅባራ ዲከረንስ ከሚባለው ዛፍ የከሰለ ከሰል በጆንያ መንገድ ዳር ተደርድሮ ታያላችሁ። ማሞቂያው ሲበላሽ እኔም ዓይኔ እዚያ ላይ ሄዷል። የቀላ ከሰል በማንደጃ አድርጎ መኪና ውስጥ ማስገባት ግን ሞት ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ የተኛ ሰው አይነቃም። የጋዝ ምድጃውንም ለሙቀት ብላችሁ አታብሩት። እሱ እንዲያውም ሲነድ እንፋሎት ይጨምራል።

ምግብ ማብሰል ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ደብረ ማርቆስ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ጮቄ ላይ ከዚያም ያንሳል። ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ሲገባ ምስር ቶሎ አልበስል ብሎን ጋዝ ጨረስን። ፕሬሸር ኩከር ከገዛን በኋላ ችግሩ ተቃለለ። ሶላሩ ምንም አላስቸገረም፤ የበጋው ሰማይ ጥርት ያለ ነው።

አባይ በረሃን ሁለት ጊዜ ተሻግረናል። ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። የተጫነች ዶልፊን በፍሬን ብቻ ይዞ መውረድ ፍሬን ማቃጠል ነው። በሁለተኛ ማርሽ፣ በዝግታ። ወደ ደጀን ሲወጣ ደግሞ ሁለቴ ቆሜ ሞተሩን አቀዝቅዣለሁ። ፍጆታዋ በሊትር 9 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ዳገት ላይ ከዚያም ይወርዳል። ታኅሣሥ ላይ ጤፍ ሲወቃ የአውድማው ገለባና ብናኝ የአየር ፊልትሮውን ደፈነው፤ ጉልበቷ ሲደክም ያየሁት ያኔ ነው። ሳትወጡ ደግሞ መናኸሪያ ሄዳችሁ ከዚያ መስመር የገቡ ሾፌሮችን መንገዱ እንዴት እንደዋለ ጠይቁ። እኛ ሳንጠይቅ የወጣንበት ቀን የለም። ሁለት ጉዞም በዚሁ ምክንያት ሰርዘናል።

ድካሙን ሁሉ ያስረሳኝ ጥር 23 ነው። የአገው ፈረሰኞች በዓል እንጅባራ ላይ ነበር። ከተማው ውስጥ አልጋ የሚባል ጠፍቷል፤ እኛ ግን ቤታችንን ይዘናል። ሳይነጋ በሩን ስከፍት አንድ ወጣት ከመኪናችን አጠገብ ፈረሱን እየሸለመ ነው። ቀይ ጥለት ያለው መጣምር አንገቱ ላይ ያስራል። የፈረሱ ትንፋሽ በብርዱ እንደ ጭስ ይወጣል። ልጄ ጋቢዋን እንደተከናነበች ደፉ ላይ ቁጭ ብላ ዓይኗን ሳትነቅል ታየዋለች። ወጣቱ አያትና "ነይ፣ ልጓሙን ያዥልኝ" አላት። እስኪጨርስ ድረስ ይዛለት ቆመች።

እንሽጣት ወይ ብለን ተነጋግረን ነበር፤ አንሸጣትም። የቀረው የኋላ በሩ ጎሚኒ ነው። ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ አቧራ ያስገባል፣ ዝናብ ሲመጣ ውሃም ያስገባል። ከሰኔ በፊት ይቀየራል።