ጅማ ላይ «ራጅ በነፃ» ተብላችሁ ከተጠራችሁ፣ ቀብድ ሳትከፍሉ ይህን አንብቡ

ባለፈው ወር ጥርሴን ላሳጥብ ብዬ ከቤት ወጣሁ። ከአጂፕ በባጃጅ ወደ ፈረንጅ አራዳ ስሄድ አንድ ማስታወቂያ አየሁ። «የጥርስ ራጅ በነፃ» ይላል። ነፃ ሲባል እግሬ ራሱ ይዞኝ ይሄዳል። የቤቱን ስም አልጠራም፣ ፀብ አልፈልግም። የደረሰብኝን ግን ልንገራችሁ።

ካነሱኝ በኋላ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞሩት። በግራ በኩል፣ በታችኛው መንጋጭላ፣ ከክራንቻ ቀጥለው ሁለት ትንንሽ መንጋጋዎች አሉ። የሁለተኛው ስር ጫፍ ላይ ምስር የምታክል ጥቁር ክብ ትታያለች። «ይታይሃል? መግል ቋጥሯል። ነርቩ ሞቷል። ዛሬ ካልጀመርን ጥርሱን ታጣዋለህ» አለኝ ባለሙያው። ሩት ካናል፣ ማለትም ነርቩን አውጥቶ ስሩን መሙላት፣ 7,000 ብር፤ ክራውን፣ ማለትም ጥርሱ ላይ የሚደፋው ሽፋን፣ ሌላ 9,000። ዛሬውኑ ቀብድ ካስያዝኩ ግን 2,000 ይቀነስልኛል።

ጥርሱ አንድም ቀን አሞኝ አያውቅም። ይህን ስለው «ሲሞት እኮ አያምም» አለኝ። እውነት አለው፣ የሞተ ጥርስ ዝም ሊል ይችላል። ያመንኩትም ለዚህ ነው። 4,000 ብር ቆጥሬ ሰጠሁ።

እኔ ቡና ላይ የምሰራ ሰው ነኝ። ጆንያ ወግቼ ናሙና ሳላይ ሰባራ ሳንቲም አልከፍልም። አንዲት ጥቁር ነጥብ ግን በአምስት ደቂቃ 4,000 ብር አስቆጠረችኝ። ማታ ለሚስቴ ስነግራት መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላ ተናደደች። «ሌላ ሰው ሳያየው አትነካውም» አለች።

በማግስቱ ራጁን ልወስድ ሄድኩ። «የቤቱ ንብረት ነው» አሉኝ። ሌላ ቦታ ድጋሚ ከተነሳሁም ጨረሩ እንደሚጎዳኝ አስጠነቀቁኝ። ተጨቃጭቄ ስክሪኑን በስልኬ ፎቶ አነሳሁና ወጣሁ።

ሁለተኛዋ ሐኪም ፎቶውን አየችና ምንም ሳትፈርድ አፌን ክፈት አለችኝ። ጥጥ ላይ ቀዝቃዛ ስፕሬይ ነፍታ ጥርሱን ነካችው። ዘለልኩ! ጥጡን ስታነሳው ወዲያው ተወኝ። «ነርቩ ሞቶ ቢሆን አይሰማህም ነበር» አለች። በመሣሪያዋ እጀታ ቀስ አድርጋ መታ መታ አደረገችው፣ አላመመኝም።

ከዚያ ስለ ራጅ ነገረችኝ። ራጅ ጥላ ነው። ጨረሩን ያገደው ነገር ይነጣል፣ በቀላሉ ያሳለፈው ይጠቁራል። በብረት የተሞላ ጥርስ ካለ እሱ ቦግ ብሎ ይነጣል። ኢናሜል፣ ማለትም ጠንካራው የጥርስ ሽፋን፣ ቀጥሎ ነው። ከሱ ስር ያለው ዴንቲን ግራጫ ይሆናል፣ ነርቩ ያለበት መሃል ይጠቁራል። ስለዚህ ጥቁር ማለት «እዚህ ጋ ሳስቷል ወይም ክፍት ነው» ማለት እንጂ «በሽታ አለ» ማለት አይደለም። የተቦረቦረ ጥርስም ይጠቁራል፣ መግል የበላው አጥንትም ይጠቁራል፣ ስንፈጠር የነበረን ቀዳዳም ይጠቁራል።

የእኔዋ ነጥብ የመጨረሻዋ ነበረች። በታችኛው መንጋጭላ ግራና ቀኝ አንዳንድ ቀዳዳ አለ። ለታችኛው ከንፈርና ለአገጭ ስሜት የሚሰጠው ነርቭ የሚወጣው በዚያ ነው። ቦታውም ብዙ ጊዜ እነዚያው ትንንሽ መንጋጋዎች ስር አካባቢ ነው። ራጅ ሁሉንም በአንድ ጠፍጣፋ ምስል ላይ ስለሚደራርበው፣ ቀዳዳው ልክ የስሩ ጫፍ ላይ የተቀመጠ መስሎ ይታያል።

ለማረጋገጥ ማሽኑን ትንሽ ወደ ጎን አዙራ ድጋሚ አነሳችኝ። ነጥቧ ከስሩ ጫፍ ፈቀቅ አለች! ከጥርሱ የመጣ መግል ቢሆን ኖሮ አንግሉ ቢቀየርም ከጫፉ አይለይም ነበር። ስሩን ዙሪያውን የሚከበው ቀጭን ነጭ የአጥንት መስመርም ሳይቆረጥ ይታያል፤ ይህም አጥንቱ እንዳልተበላ ያሳያል።

ጨረሩንስ? ብዬ ጠየቅኳት። የአንዲት ትንሽ የጥርስ ራጅ ጨረር ከተፈጥሮ በአንድ ቀን ከሚደርሰን ጋር የሚቀራረብ ነው አለች። በ1896 ጀርመናዊው ኦቶ ዋልክሆፍ የራሱን ጥርስ ሲያነሳ 25 ደቂቃ ፈጅቶበታል። አሁን ከሰከንድ በታች ነው። በከንቱ ተነሱ ማለቴ አይደለም፤ ግን ጨረሩን ማስፈራሪያ አድርገው ሌላ ሐኪም እንዳታዩ ሊያደርጓችሁ አይገባም።

ደግሞ ጥቁር ሁሉ ንፁህ ነው ብላችሁ እንዳትዘናጉ። ሩት ካናል እህቴን ጥርሷን አትርፎላታል። ራጅ በሌላ በኩልም ያታልላል፦ ጥርስ ከማዕድኑ ከ30 እስከ 40 በመቶ ያህል እስኪያጣ ድረስ መቦርቦሩ ላይታይ ይችላል። «ራጁ ንፁህ ነው» ሲሏችሁም ጥርሱ ካመማችሁ ዝም አትበሉ።

ስለዚህ ስር ላይ ጥቁር ነገር ካሳዩአችሁ «በቀዝቃዛ ሞክራችሁታል?» በሏቸው። «በሌላ አንግል አንሱት» በሉ። ምስሉን በቴሌግራም ይላኩላችሁ፤ እምቢ ካሉ ቦርሳችሁን አትክፈቱ። የዛሬ ብቻ ቅናሽ የሚሏችሁን ደግሞ ነገ ኑባቸው። ፊትህ አብጧል፣ ትኩሳት አለህ ካልተባለ በቀር አንድ ቀን ምንም አያመጣም።

ቀብዱን እስካሁን አልመለሱልኝም። ደረሰኙን ገልብጬ ሳየው በደቃቅ ጽሑፍ «ቀብድ አይመለስም» ይላል። ሰኞ የመጀመሪያውን ራጅ ፎቶና ሁለተኛውን ራጅ ይዤ እሄዳለሁ። ከሰጡኝ እዚሁ እነግራችኋለሁ።