ሱፍ፦ ከውጭ ገዝቶ መምጣት ወይስ ደሴ ማሰፋት?

ጥር ደረሰ። ሰርጉ ደሴ ነው፤ አንተ ያለኸው ሰው አገር። ሱፉን እዚያው ትገዛለህ ወይስ ጨርቅ ይዘህ መጥተህ ደሴ ፒያሳ ታሰፋለህ? እኔ ሁለቱንም ሞክሬያለሁ።

የውጩን ለክተህ ታያለህ። ቁጥሩን ብቻ እወቅ፤ አሜሪካ 40 የሚባለው ኮት አውሮፓ 50 ነው። ዋናው ትከሻው ነው። እጅጌና ሱሪ ማሳጠር ቀላል ነው፤ ትከሻ ማስተካከል ግን ኮቱን ፈትቶ እንደገና መስፋት ነው። ደግሞ የርካሹ ኮት ደረት ውስጥ ያለው ደጋፊ ጨርቅ በሙጫ የተለጠፈ ነው። ሲቆይ ይላቀቅና ኮቱ ይነፋፋል። የጥሩው በክር የተያዘ ነው። ከቁልፎቹ አጠገብ የፊቱንና የውስጡን ጨርቅ ቆንጥጠህ ለያያቸው። መሀል ላይ ሦስተኛ ጨርቅ ለብቻው ሲንሸራተት ከተሰማህ፣ ግዛው።

የደሴው በልክህ ይሰፋል። ለኮትና ሱሪ 3 ሜትር ተኩል ያህል ጨርቅ ይበቃል። ችግሩ ቀጠሮ ነው። በሰርግ ሰሞን "ነገ ና" ይበዛል። እኔ ኮቴን የተረከብኩት ሚዜዎቹ መኪና ውስጥ እየጠበቁኝ ነው፤ አንዱ እጅጌ ቁልፍ አልነበረውም። ማንም ልብ አላለም፣ ከእናቴ በቀር።

ፈቃድህ ሁለት ሳምንት ከሆነ ገዝተህ ና። ወር ካለህ አሰፋ፤ እኔ ብሆን አሰፋለሁ። ጨርቁ ግን ወፈር ይበል፤ የጦሳ ተራራን ብርድ ታውቀዋለህ። መልሱ ኮምቦልቻ ከሆነ ደግሞ ሳሳ ያለው ይሻላል። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁል ነው፣ ሙቀቱ ግን ሌላ አገር ነው።