የልጆችን የስልክ ሰዓት ለመገደብ፦ ፋሚሊ ሊንክ፣ ስክሪን ታይም ወይስ ዋይፋዩ?

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም እየኖረ ሜክሲኮ የሚሠራ ወላጅ ጠዋት ልጁ ሳይነሳ ይወጣል። ማታ የታክሲ ሰልፉን ጨርሶ ሲገባ ልጁ ወይ ተኝቷል ወይ ስልክ ላይ ተጥዷል። እኔም ከእነሱ አንዱ ነኝ። የ9 ዓመት ልጄ ከትምህርት ቤት ሲመለስ የምትቀበለው እናቴ ናት፤ ስለዚህ መቆጣጠሪያ ስመርጥ ያስጨነቀኝ እኔ በሌለሁበት፣ አያት ብቻ ቤት ባለችበት ሰዓት ይሠራል ወይ የሚለው ነው።

የልጁ ስልክ አንድሮይድ ከሆነ፣ ቴክኖም ይሁን ሳምሰንግ፣ ብዙ መዞር አያስፈልግም። የጎግል ፋሚሊ ሊንክ የሚባለው የወላጅ መቆጣጠሪያ አፕ ነፃ ነው፤ የወላጁ ስልክ አይፎን ቢሆንም ይሠራል። በቀን ስንት ሰዓት ይጠቀም፣ የትኛው ጌም ስንት ደቂቃ ይከፈት፣ ማታ መቼ ይቆለፍ የሚለውን ቢሮ ሆናችሁ ከራሳችሁ ስልክ ትወስናላችሁ። ልጁ ከፕሌይ ስቶር አዲስ አፕ ሊያወርድ ሲል ጥያቄው እናንተ ጋ እንዲመጣ ማድረግም ይቻላል። ለእኔ ከሁሉም የምትበልጠው ይህቺ ናት። በ2015 ዓ.ም. ማኅበራዊ ሚዲያ ለወራት በተዘጋ ጊዜ ቪፒኤን መክፈት ያልለመደ ቤት አልነበረም፤ ልጆቹም አብረው ተምረዋል። የእኛ ብሎክ ልጆች ደግሞ አፕ የሚቀባበሉት በዜንደርና በቴሌግራም ነው፤ ስለዚህ ከፕሌይ ስቶር ውጪ አፕ መጫንን የሚፈቅደውን ምርጫ እዚያው ፋሚሊ ሊንክ ውስጥ ገብታችሁ ዝጉት።

የእኛን አገር ሰው የሚሸውዱ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው የልደት ቀን ነው። ልጄ የተወለደው በ2009 ዓ.ም. ነው። የጎግል አካውንቱን ስከፍት በለመደ እጄ 2009 ብዬ ብጽፍ ኖሮ ልጁ በአንድ ጊዜ 7 ዓመት ያህል ያረጅ ነበር፤ ከ13 ዓመት በታች ላለ ልጅ የሚደረገው ጥብቅ ቁጥጥር ይቀርና ጎግል እንደ ጎረምሳ ያየዋል። የልደት ዓመቱን በፈረንጅ ቀይራችሁ አስገቡ።

ሁለተኛው ሰዓት ነው፤ እዚህ ላይ እኔው ራሴ ወድቄበታለሁ። ማታ 3 ሰዓት ይቆለፍ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ይከፈት ብዬ 3 እና 12 ሞላሁ። ስልኩ የሚያነበው በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ የተቆለፈው ከሌሊቱ 9 ሰዓት እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ነው። ልጁ ማታውን ሙሉ እንደልቡ ተጫወተ። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ስልኩ አልከፈት ሲለው «አባዬ፣ ተበላሸ» ብሎ ይዞልኝ መጣ። መሙላት የነበረብኝ ማታ 9፣ ጠዋት 6 ነበር።

የፋሚሊ ሊንክ ድክመት ደግሞ ኢንተርኔት ነው። የተወሰነው ገደብ ስልኩ ላይ ይቆያል፤ ከቢሮ ሆናችሁ የምትቀይሩት አዲስ ነገር ግን የልጁ ስልክ ዳታ ወይም ዋይፋይ እስኪያገኝ አይደርስም። መብራት ጠፍቶ ዋይፋዩ ከተዘጋ ትጠብቃላችሁ።

ልጁ አይፎን ከያዘ ፋሚሊ ሊንክ ስልኩን አይቆልፍላችሁም፤ ያኔ መንገዱ የአፕሉ ስክሪን ታይም ነው። ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስልኩ ውስጥ አብሮ የሚመጣ ስለሆነ የሚጫንም የሚከፈልም ነገር የለም። የሰዓት ገደቡና የአፕ ገደቡ ከፋሚሊ ሊንክ ጋር ተቀራራቢ ነው፤ ልጁ ከማን ጋር እንደሚደዋወልና እንደሚጻጻፍ መገደብም ይቻላል። ከሩቅ ሆናችሁ ለማዘዝ ግን እናንተም የአፕል ዕቃ ሊኖራችሁ ይገባል። ከሌላችሁ የልጁ ስልክ ላይ ኮድ አስገብታችሁ ገደቡን እዚያው ትሠራላችሁ፤ ለመቀየር በፈለጋችሁ ቁጥር ስልኩን በእጃችሁ መያዝ አለባችሁ። ያገለገለ አይፎን የገዛ ሰው ከሁሉ በፊት አፕል አይዲው (አሁን አፕል አካውንት የሚባለው የስልኩ መግቢያ) የማን እንደሆነ ይጠይቅ። ብዙ ጊዜ ሱቁ ራሱ ከፍቶ ይሰጣል። የስክሪን ታይም ኮድ «ረሳሁት» ተብሎ የሚቀየረው ደግሞ በአፕል አይዲ ነው፤ ያንን ፓስወርድ ልጁ ካወቀው ኮዱ ምንም አይሠራም።

ዋይፋዩን መቆጣጠር ሦስተኛው መንገድ ነው። ቤት ውስጥ ሦስት አራት ልጅ ላለውና ስልክ በስልክ መዞር ለሰለቸው ሰው ያጓጓል። ብዙ ራውተሮች የትኛው ስልክ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት ኢንተርኔት ያግኝ የሚል ቦታ አላቸው። የራውተሩን ዲኤንኤስ (የድረ ገጽ ስም ሲጻፍ አድራሻውን ፈልጎ የሚሰጠውን አገልግሎት) ወደ 1.1.1.3 ስትቀይሩት ደግሞ የክላውድፍሌር ነፃ ማጣሪያ የብልግና ድረ ገጾችን ለቤቱ ሁሉ ይዘጋል። ሰዓት ግን አይቆጥርም። በሰዓት መዝጋቱም ቢሆን እኔ ቤት የቆየው አንድ ሳምንት ነው። ራውተሩ ስልኩን የሚለየው በማክ አድራሻ፣ ማለትም ስልኩ ዋይፋይ ላይ በሚታወቅበት ቁጥር ነው፤ የቅርብ ጊዜ አንድሮይድ ዋይፋይ ሴቲንግ ውስጥ ደግሞ ይህን አድራሻ የሚቀይር ምርጫ አለ። ከላይኛው ፎቅ ያለ የ7ኛ ክፍል ተማሪ ለልጄ አሳየው፤ ራውተሩም አዲስ እንግዳ መጣ ብሎ ተቀበለው። ልጁ ሲም ካርድ ካለው ይህም አያስፈልገውም፤ የአንድ ቀን ጥቅል ይበቃዋል። እኔ ማጣሪያውን ትቼ በሰዓት መዝጋቱን አጥፍቼዋለሁ። ከሞከራችሁት የራውተሩን የመግቢያ ፓስወርድ ቀይሩ፤ የፋብሪካው ብዙ ጊዜ ሥሩ ላይ ተለጥፎ ነው የሚመጣው።

በክፍያ የሚሠሩትን፣ ኩስቶዲዮንና መሰሎቹን፣ ብዙ አላስረዝምም። የተሻለ ሪፖርት ይሰጣሉ። አንድ ቤት ውስጥ አንድሮይድም አይፎንም ኮምፒውተርም ካለ ሁሉንም በአንድ ቦታ ማየት ያስችላሉ። ክፍያቸው በዶላር ካርድ ነው። ለአንድ ልጅ አንድ ስልክ ያን ያህል መድከም ትርፍ አላየሁበትም። ኩስቶዲዮ ለአንድ ዕቃ ብቻ የሚሠራ ነፃ አማራጭ ስላለው መጀመሪያ እሱን ማየት ይቻላል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ግን ልጁ የራሱ ስልክ ካለው ነው። በብዙ ቤት ልጅ የሚጫወተው በእናቱ ወይም በአያቱ ስልክ ነው፤ በአዋቂ ስልክ ላይ የልጅ አካውንት ጭኖ መኖር ደግሞ አይቻልም። ለዚህ አንድሮይድ ላይ አንድን አፕ ፒን የማድረግ፣ ማለትም ስክሪኑ ላይ ቆልፎ የማስቀረት ምርጫ አለ፤ ሲወጣ ፓተርን እንዲጠይቅ ካደረጋችሁት ልጁ ከተከፈተለት አፕ ያለ ፓተርን አይወጣም። አይፎን ላይ ጋይድድ አክሰስ የሚባለው ይህንኑ ይሠራል፤ የሰዓት ገደብም ስላለው ከአንድሮይዱ ይሻላል።

እኛ ቤት ያለችው ቀዳዳም ይህቺው ናት። ማታ 3 ሰዓት ሲሆን የልጁ ስልክ ይቆለፋል፤ እሱም ቀስ ብሎ የአያቱን ስልክ ያነሳል። የእናቴን ፓተርን ቀየርኩት። ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ስደውልላት አነሳችና «ይኼን ስልክ ምን አድርገኸው ነው? መክፈት አቅቶኝ ነበር እኮ፤ ደግነቱ ልጁ ያውቀዋል» አለችኝ።